ሜትር ሶዶም ሜትር ናት

እትዬ ዘነበች መሞቷን የሰማሁት ከእድራችን ጥሩምባ ነፊ ነው። ጠዋት ጫማዬን እያሰርኩ ስሟን ሲጠራ ሰማሁ። ሰው እንዲህ ያለ ወሬ ሲሰማ ያለቅሳል፣ አለዚያም ክው ብሎ ይቀራል። እኔ ግን ተናደድኩ። አንዱን ጫማ አድርጌ አንዱን በእጄ እንደያዝኩ ግቢው መሃል ቆሜ፣ "አይ እነዚህ ሰዎች! አይ እነዚህ ሰዎች!" እያልኩ ስጮህ ባለቤቴ ከቤት ወጣች።

"ምን ሆንክ? የትኞቹ ሰዎች?"

"ፈታሾቹ ናቸዋ! የአውሮፕላን ማረፊያዎቹ!"

"በስመ አብ! ሰው ሞቶ አንተ ስለ ፍተሻ ታወራለህ?"

አዎ፣ አወራለሁ። እትዬ ዘነበችን ሳስብ ኀዘኑና ንዴቱ ተያይዘው ነው የሚመጡብኝ። ለይቼ ላዝን ብዬ ሞክሬ ነበር፤ እንቢ አለኝ። ስለዚህ ይህን የሚያነብ ሰው ከነንዴቴ ይታገሰኝ።

እትዬ ዘነበች ሶዶ ገበያ አጠገብ አንዲት ጠባብ በረንዳ ላይ ልብስ ትሰፋ ነበር። ጉኑኖ ተወልዳ ሶዶ ያገባች፣ ባሏ ቶሎ የሞተባት፣ አንድ ልጇን ምሕረትን በዚያች የስፌት መኪና ያሳደገች ሴት ናት። የእኔና የእሷ ግቢ በአንድ አጥር ነው የሚዋሰነው። ሜትሯ ከአንገቷ አትወርድም ነበር፤ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ እንኳ ረስታት ነጠላዋ ስር ተንጠልጥላ አይቻለሁ። ደንበኛ ስትለካ ቁጥሩን ራሷ አታነብም። ሜትሯን ወገብህ ላይ ታዞርና "አንብብ" ትልሃለች። አንብበህ የምትነግራት አንተው ነህ። "ኧረ እኔ ይህን ያህል አልወፈርኩም፣ ሜትርሽ ተሳስታለች" የሚላት አይጠፋም። መልሷ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ "ሜትር ሶዶም ሜትር ናት፣ ጉኑኖም ሜትር ናት፣ አዲስ አበባም ሜትር ናት። የተሳሳተችው ሆድህ ናት።"

ቤቷ ውስጥ የምትናገረው ወላይትኛ ነው። አማርኛ ስትናገር ወንዱንም ሴቱንም "ናት" ትለዋለች፤ እኔም ከእሷ ለምጄ ዳጣን እስካሁን "እሷ" ነው የምላት።

ዳጣ ስል ለማያውቅ ልንገር። ቃሪያ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብልና ከበሶብላ ጋር በድንጋይ ይፈጭና የሚወጣው ነገር ነው። ጥሬ ሥጋ የሚበላው በእሷ ነው። የእትዬ ዘነበች ዳጣ ደግሞ በሰፈራችን የታወቀች ነበረች፤ ለመስቀል በሬ የሚያርደው ሁሉ ከእሷ ቤት ሳይወስድ ሥጋ አይቆርጥም። ግን ሳይቀምሱ መውሰድ የለም። ጠርሙሷን ከመስጠቷ በፊት "እጅህን" ትላለች። የእጅህን ጀርባ ስትዘረጋላት ጠብ ታደርግበታለች፣ ትልሳለህ፣ ዓይንህ እንባ ያቀራል። ከዚያ "ሎኦ?" ትላለች፤ ጥሩ ናት ወይ ማለቷ ነው። አንድ ቀን ባጃጅ ቆሞ እየጠበቀኝ፣ "እትዬ ዘነበች፣ እኔ አምንሻለሁ፣ ዝም ብለሽ ስጪኝ" ብላት፣ "የምትበላው እኔን አይደለም" ብላ እጄን አስዘረጋችኝ። ያልቀመስካትን ነገር ተሸክመህ አትሂድ፣ ነበር የምትለው።

ከዚያ ጡቷን ታመመች።

ቀዶ ሕክምናው አዲስ አበባ ተደረገላት። ቀጥሎ በየጊዜው እየተመላለሰች በደም ሥሯ የሚሰጥ መድኃኒት መውሰድ ነበረባት። አንዴ በአውቶቡስ ሞከርነው፤ መንገዱ ቁስሏን ሲያንገላታው፣ እሷም ከንፈሯን ነክሳ መስኮቱን ይዛ ስትሄድ አየሁና ለምሕረት ነገርኳት። "እንግዲህ በአውሮፕላን ይሁን" አለች ምሕረት። እሷ ጉኑኖ ታስተምራለች፣ ጡት የሚጠባ ልጅም አላት። ሁልጊዜ አብሮ የሚመላለስ ሥራ ፈት ጡረተኛ ተፈለገ፤ እኔ ተገኘሁ።

መድኃኒቱ የምግብ ጣዕም አጠፋባት። "አፌ ብረት ብረት ትለኛለች፣ ሚስማር የምልስ ይመስለኛል" ትል ነበር። ሾርባ ቢፈላ፣ ገንፎ ቢገነፋ፣ ዶሮ ቢሠራ አይወርድላትም። ዳጣ ጠብ ሲደረግበት ግን ትበላለች። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፤ ቁጭ አድርጋ፣ "የሚበላልሽ ነገር ካለ እሱን ብዪ። ካልበላሽ ደምሽ ይወርዳል፤ ደምሽ ከወረደ መድኃኒቱን ልሰጥሽ አልችልም" አለቻት። ነገሩ ይህን ያህል ግልጽ ነው። ዳጣ ካለች ትበላለች፣ ከበላች ትታከማለች። አዲስ አበባ ከሱቅ ገዝቼላት ነበር። በጣቷ ነካ አድርጋ ላሰችና "ይቺ ሰላጣ ናት" ብላ ገፋችልኝ።

ስለዚህ ከሶዶ ይዘን እንሄድ ጀመር። አውሮፕላኑን የምንሳፈረው ሁምቦን አልፈን፣ ቆላውን ወርደን ነው። በመጀመሪያው ጉዞ ዳጣዋን በማርማላታ ጠርሙስ አድርጋ፣ ክዳኑ ላይ ከሰው ቀሚስ የተረፈ አበባ ያለው ጨርቅ አስራበት፣ በእጅ ቦርሳዋ ያዘቻት። ማሽኑ ላይ የነበረው ልጅ ቦርሳዋን አስከፈተ።

"እናቴ፣ ይሄ ምንድን ነው?"

"ዳጣ ናት። እጅህን።"

ልጁ ግራ ገብቶት ወደ እኔ አየ። እኔ ምን ልበል? እጁን ዘረጋ። ጠብ አደረገችለት፣ ላሰ፣ ፊቱ ቲማቲም መሰለ። ሰልፉ ቆሞ ሁሉም ይስቃል። "እናቴ፣ ይሄማ ጦር መሣሪያ ነው!" አለ ዓይኑን እየጠረገ። "ሎኦ?" አለችው። "በጣም ሎኦ። ይለፉ።" አለፍን። በዚያ ሳምንት በላች፣ ደሟ ተለካ፣ መድኃኒቷን ወሰደች። አጠገቧ ባለው አልጋ ወይዘሮ ሙሉ የምትባል ከደብረ ብርሃን የመጣች ሴት ነበረች፤ እሷም እንዲሁ ምግብ አልወርድ ብሏት ተኝታለች። እትዬ ዘነበች አየቻትና "እጅሽን" አለቻት። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ከአንድ ሳህን ነበር የሚበሉት።

ለሁለተኛው ጉዞ ስንሄድ እዚያው በር፣ እዚያው ማሽን ላይ ፀጉሯን አሳምራ የተሠራች ልጅ ቆማለች።

"ፈሳሽ ነው፣ አይገባም።"

"ፈሳሽ አይደለችም ልጄ። ገልብጠሽ እዪያት።"

ልጅቷ ጠርሙሱን ገለበጠችው። ዳጣዋ ንቅንቅ አላለችም። እኔ በሆዴ "እሰይ" አልኩ። "ቢሆንም ያው ነው፣ የሚለጠፍ ነገርም እንደ ፈሳሽ ነው የሚቆጠረው" አለች።

"ባለፈው በዚሁ በር አልፈናል እኮ!" አልኩ።

"ማነው ያሳለፋችሁ?"

"እዚህ የነበረ ልጅ ነዋ!"

"እኔ አላሳለፍኳችሁም።"

ደሜ ፈላ። በሩ ያው፣ ማሽኑ ያው፣ ዳጣዋ ያቺው! እትዬ ዘነበች ግን ነገሩ በሷ ልማድ የሚያልቅ መስሏት ክዳኑን ፈታ ፈታ አድርጋ "እጅሽን" አለቻት። ልጅቷ ወደ ኋላዋ ሸሸች። "እማማ፣ ጉቦ ነው እንዴ? ካሜራ አለ እኮ!" ምነው ሸዋ! በጣት ጫፍ ዳጣ ጉቦ! እኔ መጮህ ስጀምር እትዬ ዘነበች ክንዴን ያዘችኝ። "ተው ወንድሜ፣ ልጅቷ ሥራዋ ናት" አለችና ወደ እሷ ዞራ፣ "ግን ልጄ፣ ሕጓ የት ናት? አንብቢልኝ" አለቻት። ልጅቷ የሚነበብ ነገር አልነበራትም። "በሚቀጥለው ጊዜ ትልቁ ሻንጣ ውስጥ ያድርጉት፣ እዚያ ችግር የለውም" ብላ ጠርሙሱን ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ጣለችው። ሲወድቅ ድምፁን ሰማሁት። በዚያ ሳምንት እትዬ ዘነበች ሻይና ደረቅ ዳቦ እየታገለች ሰነበተች፤ ደሟ ለጥቂት ነው ያለፈላት።

እሺ፣ ሻንጣ ተባልን፣ ሻንጣ ውስጥ አደረግናት። ሻንጣ የሚረከበው ሰውዬ "ውስጡ ምን አለ?" አለ። እኔ "ልብስ" ልል አፌን ስከፍት እትዬ ዘነበች ቀደመችኝ፤ "ዳጣ አለች።" ውሸት የማትችል ሴት ይዞ መንገድ መሄድ እንዴት እንደሚያደክም የሚያውቅ ያውቀዋል። "ጠርሙስ በሻንጣ አይሄድም፣ ቢሰበር የሰው ዕቃ ያበላሻል፣ በእጅ ያዙት" አለ። "በእጅ አይገባም ተብለናል!" አልኩት። "ማነው ያለው? ምግብ አይደል እንዴ?" አለኝ፤ ጭራሽ በእኔ ተገረመ። ሰውየው ወደዚያ ይልካል፣ ልጅቷ ወደዚህ ትልካለች፣ እኛ መሃል ሻንጣ ከፍተን የታመመች ሴት የውስጥ ልብስ በሕዝብ ፊት እናገላብጣለን። እንደምንም አውጥተን ወደ ማሽኑ ሄድን። ያን ቀን ደግሞ ሌላ ሰው ነው ያለው፤ ጠርሙሱን በዓይኑም አላየው። የእኔን ጥፍር መቁረጫ ግን ወሰደብኝ!

አዲስ አበባ ደርሰን የሕመም ማስታገሻዋን ስንፈልግ ከእጅ ቦርሳዋ ምን ቢወጣ ጥሩ ነው? መቀስ። የጨርቅ መቀስ፣ ያውም ትልቁ! ከበረንዳዋ ስትነሳ ከሜትሯ ጋር ቦርሳዋ ውስጥ ወርውራው፣ በየጉዞው ከእኛ ጋር ሲበር ኖሯል። አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብዬ ጭንቅላቴን ያዝኩ። "እትዬ ዘነበች፣ መቀስ ያለፈበት በር ዳጣ አያልፍበትም?" አልኳት። እሷ ቁስሏን ደግፋ ሳቀች። "መቀስ አትቀመስማ፣ ለዚያ ነው የተዋት" አለች። ወይዘሮ ሙሉም ከአልጋዋ ሆና ሳቀች። ሁለቱም በልተው ስለነበር የሚስቁበት አቅም ነበራቸው።

ከዚያ ለመጨረሻው ጉዞ ተዘጋጀን፤ የመጨረሻ መሆኑን አላወቅንም እንጂ። "ፈሳሽ ከሆነች እናድርቃታ" አለች እትዬ ዘነበች። ዳጣዋን ትልቅ ትሪ ላይ በስሱ ዘርግታ ፀሐይ ላይ አሰጣቻት። ያን ጊዜ በጣም ደክማለች፣ ፀጉሯም አልቋል፤ ቢሆንም ወንበር አስወጥታ ትሪው አጠገብ ተቀምጣ ዝንብ በቅጠል ስታባርር ዋለች። ባለቤቴ "እኔ ልጠብቅልሽ፣ አንቺ ግቢና ተኚ" ብትላት "የምትደርቀው የእኔ መድኃኒት ናት" ብላ እንቢ አለች። በማግስቱም እንዲሁ። ከደረቀች በኋላ አድቅቃ በዚያው ጠርሙስ ሞላቻትና በአበባ ጨርቋ አሰረቻት። እኔም ተደሰትኩ። አሁን ምን ሊሉ ነው? ብዬ ነበር፤ ሞኝ!

ማሽኑ ላይ ያቺ ልጅ ናት። ጠርሙሱን አነሳች፣ ነቀነቀችው፣ ከፈተችው፣ አነጠሳት። "ዱቄት ነው። ምንነቱ ያልታወቀ ዱቄት አይገባም።"

"አንቺ ራስሽ ነሽ እኮ ፈሳሽ አይገባም ያልሽው!" አልኩ።

"አዎ። ዱቄትም አይገባም።"

"ታዲያ ምን ይግባ? ጢስ ይሁን?"

"ጋሼ፣ አይጩሁብኝ። እኔ አይደለሁም ያወጣሁት።"

"ሴትየዋ የምትበላው እሷን ብቻ ነው! ካልበላች አትታከምም! ገባሽ?"

"የሐኪም ወረቀት አለ?"

የዳጣ ወረቀት! ዳጣ የሚያዝ ሐኪም የት አለ? ከኋላችን ያለው ሰው ሰዓቱን እያየ ያጉተመትማል። እትዬ ዘነበች ግን አልተቆጣችም። ቦርሳዋን ከፈተች፣ ተጠቅልላ የተቀመጠችውን ሜትር አወጣችና ልጅቷ ፊት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችላት።

"እንቺ ልጄ፣ ያዢያት። የናንተ ሜትር ጠፍታለች መሰለኝ።"

ልጅቷ ሜትሯን አገላብጣ አየችና መልሳ ሰጠቻት። "ይሄ ይፈቀዳል" አለች። ምን ማለቷ እንደነበረ አልገባትም። ጠርሙሱን ወስዳ ከጠረጴዛው ስር አስቀመጠችው። እትዬ ዘነበችም "መቀመጥ እፈልጋለሁ" አለችኝና ወንበር ፈለግሁላት።

አዲስ አበባ የሰነበትንበትን መንገር አልወድም። ያልሞከርኩት የለም። ከወላይታ ሰዎች ቤት ዳጣ ለምኜ አመጣሁላት፤ አፏ ድረስ አድርሳ መለሰችው። "ጥሩ ናት፣ ግን የእኔ አይደለችም" አለች፤ አማርጣ እንዳይደለ ፊቷ ላይ ይታይ ነበር። ወይዘሮ ሙሉ "ዛሬስ አላመጣሽም?" ብላ ስትጠይቃት፣ "በሩ ላይ ቀረች" አለቻት። ሐኪሟ ደሟን አየች፣ ሚዛን ላይ አቆመቻት፣ ራሷን ነቀነቀች። "በዚህ ደም መድኃኒቱን ብሰጥሽ እጎዳሻለሁ። ሂጂና ብዪ፣ አገግሚና ተመለሺ" አለቻት። ባዶ እጃችንን ተመለስን።

ዳጣ ስላጣች ሞተች አልልም። ሐኪም አይደለሁም፤ በሽታውም ክፉ ነው። ምሕረትም "እንዲህ እያሉ ራስዎን አያቃጥሉ" ብላኛለች። እኔ የምለው አንድ ነገር ነው፦ ያ መድኃኒት ቀርቶባታል፣ የቀረባትም አንድ ሰው "ይለፉ" ስላለና አንድ ሰው "አይገባም" ስላለ ነው። ወይ ከመጀመሪያው አይገባም በሉን፣ ሌላ ዘዴ እንፈልጋለን። ወይ ይገባል በሉን። ሰው ተስፋ አድርጎ ሁለት ቀን ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ዝንብ ካባረረ በኋላ አይደለም!

ተመልሳ ለመሄድ አልበቃችም። አልጋ ላይ ሆና ግን አንድ ቀን ምሕረትን ድንጋዩን አስመጥታ ዳጣ አስፈጨቻት። እሷ ታዝዛለች፣ ምሕረት ትፈጫለች፤ "ዝንጅብል ጨምሪ፣ በሶብላዋ አንሳለች፣ እንደ ሊጥ አታድርጊያት።" ሲያልቅ አስጠራችኝና እጄን አስዘረጋችኝ። ላስኩ። ያቺው ራሷ ናት። "ለሙሉ አድርስላት" አለችኝ። "አፏ ብረት ብረት ትላታለች።"

"እትዬ ዘነበች፣ አያሳልፉኝም እኮ።"

"አንተ ሞክር። አንድ ቀን ሜትራቸውን ያገኟታል።"

ጥሩምባው የተነፋው ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ነው። ቀበርናት፣ ድንኳኑ ተነሳ፣ ምሕረትም ጠርሙሱን ከማቀዝቀዣ አውጥታ ከዚያው የአበባ ጨርቅ በተረፈ ቁራጭ አስራ ሰጠችኝ። ሁምቦን አልፌ ቆላውን ስወርድ መኪናው ውስጥ ብቻዬን እናገር ነበር። የምመልሰውን ሁሉ አዘጋጅቻለሁ። ፈሳሽ ካለች ይህን፣ ዱቄት ካለች ይህን፣ ወረቀት ካለች ደግሞ ከወይዘሮ ሙሉ ሐኪም በስልክ ለምኜ ያስላክሁት ወረቀት ኪሴ ውስጥ አለ። እንዲህ ተዘጋጅቼ ማሽኑ ጋ ደረስኩ። ያቺው ልጅ ናት። ጠርሙሱ ወጣ።

"ዳጣ ነው?"

"አዎ፣ ዳጣ ናት" አልኩ፤ ደረቴን ነፍቼ።

"እሺ፣ ይለፉ።"

አልተንቀሳቀስኩም። "ምን አልሽ?"

"ይለፉ ጋሼ። ሰው እየጠበቀ ነው።"

"ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያልፈው?"

"ሁሌም ያልፋል። ምግብ ነው እኮ።"

ሁሌም! ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል፤ እኔም ያኔ ጮህኩ። "ያዢው! አይገባም በይ! ፈሳሽ ነው፣ የሚለጠፍ ነው፣ ዱቄት ነው፣ ጣይው እንጂ! ሁሌም ካለፈ ለእሷ ለምን አላለፈላትም?" ሰልፉ ተንጫጫ። አንድ ወጣት "አባባ ምን ሆነዋል? አሳለፈችዎት እኮ" አለኝ። ልጅቷ ደንግጣ ታየኛለች፤ ክፋት የለባትም፣ የምር ነው ግራ የገባት።

"ለማን ነው ያላለፈው?"

"ለዚያች ሴት!"

"የቷ ሴት?" አለችኝ።

የቷ ሴት! የተዘጋጀሁት ሁሉ፣ ወረቀቱም፣ መልሱም፣ ለዚህ አልነበረም። ጨርቁን ፈታሁ፣ ክዳኑን ከፈትኩ።

"እጅሽን" አልኳት።

"ጋሼ፣ ካሜራ..."

"እጅሽን አልኩሽ!"

ዘረጋች። ለምን እንደዘረጋች አላውቅም፤ ምናልባት ሽማግሌ ሲያለቅስ አይታ ይሆናል። የእጇ ጀርባ ላይ ጠብ አደረግሁላት። ላሰች። ፊቷ ቀላ፣ ሳል ያዛት፣ ዓይኗ እንባ ሞላ።

"ይቺ ሴት ናት" አልኳት።

በሌላው እጇ ዓይኗን ጠረገች። ክዳኑ ላይ የነበረውን የአበባ ጨርቅ አየችው። ከዚያ ቀና ብላ እትዬ ዘነበች ትቆምበት የነበረውን ከጎኔ ያለውን ቦታ ተመለከተች፤ እዚያ ግን የቆመው ሰዓቱን የሚያይ ሌላ ሰው ነበር።